የእማማ ቤት የዳቦ ምልክት

እ.ኤ.አ. በ2008 የመጸው መግቢያ ነበር፤ ረመዳን። ግሬፕቫይን በምትባል ከተማ አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት በቤታቸው እንከባከብ ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃው ቀስ እያለ ሲወዛወዝ፣ ስለተወለዱባት ትንሽ መንደር ያወራሉ። እኔም በፆም በቀለለ ጭንቅላት ስሰማቸው፣ ክፍሉ በጭጋግና በዱቄት ሽታ የሚሞላ ይመስለኝ ነበር።

በመንደሩ መሃል የሁሉም የሆነ አንድ የድንጋይ ምድጃ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ይነድዳል፤ ሁሉም ሊጡን ይዞ ይሄዳል። ዳቦው እንዳይቀያየር እያንዳንዱ ቤት የራሱን ምልክት ያደርግበታል።

አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ ከባሕር ማዶ፣ ከመንደሩ ደወለች። ምድጃው ታድሷል፤ የየቤቱ ምልክት በአፉ ዙሪያ ይቀረፃል፤ ድንጋይ ጠራቢው ነገ ማታ ይጨርሳል። የእማማን ቤት ምልክት ግን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልቀረም። እሳቸውም ረስተውታል።

እርሳስና ወረቀት ሰጠኋቸው። መስቀል ሣሉ፤ ቅጠል ሣሉ።

«ይሄ የጎረቤቶቻችን ነው» ብለው ወረቀቱን ገፉት።

ለልጆቼ ማፍጠሪያ የምወስደውን የሳምቡሳ ሊጥ ላቦካ ወጥ ቤት ገባሁ። ተከትለውኝ መጡ።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው? ሠራዊት ትቀልቢያለሽ?»

«ለሦስት ልጆች ነው፣ እማማ።»

«ያው ነው። ደግሞ ትደባብሺዋለሽ እንጂ አታሺውም።»

እጄን ገፋ አድርገው ራሳቸው ያሹት ጀመር። ሲበቃቸው አድበለበሉት። የሳምቡሳ ነው ልላቸው አስቤ ተውኩት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ በሁለት ጣቶቻቸው አንጓ ጎን ለጎን፣ ከሥር ደግሞ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«በይ ውሰጂው» አሉኝ። «ምድጃው ይቀዘቅዛል።»

«እማማ፣ እስቲ ይዩት።»

ዞር ብለው አዩት።

«እናቴ መቼ እርሳስ ያዘች» አሉ። «የኛ ነው።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ። እዚያ መንደራቸው ሌሊት ስለነበር አልደወልንም። ሊጡን እንዳለ ሸፍኜ ተውኩት፤ ልጆቼ በቴምርና በሾርባ አፈጠሩ።

በማግስቱ ሱብሂ ሰግጄ በጊዜ እማማ ቤት ሄድኩ። የሊጡን ፎቶ አንስቼ፣ ድንጋይ ጠራቢው ሳይጨርስ ለእህታቸው ልጅ ላክሁላት። ከዚያ እማማን ቀስቅሼ ቁርሳቸውን አበላኋቸው።