የቢጫዋ ዓሣ ካርድ

ቢጫዋ ዓሣ ከላስቲክ ከረጢቷ ከመውጣቷ በፊት ላይኛው ከንፈሯ ላይ ያየሁት ነገር ቁስል ነበር ወይስ የላስቲኩ እጥፋት? አንዳንድ ቀን ቁስል ነበር እላለሁ፤ ቀይ ሆኖ፣ የጤፍ ፍሬ አህሎ ይታየኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ሳዞረው ያ ቀይ ነገር አብሮ መጥፋቱ ትዝ ይለኛል። ቁስል አይጠፋም፤ የሚጠፋው ጥላ ነው። ታዲያ ምን ነበር ያየሁት?

የምሠራው ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። ከመካነ ብርሃን ወደ ከተማ መጥቼ አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። ለዚያ ይሆናል በተጻፈ ነገር ቀልድ የማላውቀው። ታካሚ «ጥርሴን አመመኝ» ሲለኝ፣ የቱን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ፣ ብዬ ሳልጨርስ ካርዱ ላይ አንዲት ቃል አላሰፍርም።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር በዕድሜ ታንሰኛለች። ተራ የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱን ይርሳ ብላ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳ አስገባች። ባሕር በሌለበት አገር ባሕር መሥራት ቀላል አይደለም። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው ጨው በተጣራ ውሃ ይበጠበጣል፣ መጠኑ በመለኪያ ይታያል፣ ሙቀቱ ይጠበቃል፣ መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር በባትሪ ይቀጥላል። መመሪያውን እስከ መጨረሻው ያነበብሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ ሥራው የእኔ ሆነ።

ዓሦቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣሉ። ከአዘዞው አየር ማረፊያ የሚያመጡልን የአሮጌ ማኪና ባለቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የክሊኒኩን ዕቃ ሁሉ የሚያመላልሱትም እሳቸው ነበሩ። እኔ «አያ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «እቴ» ይሉኛል። ቢጫዋን ያመጡ ዕለት ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ገቡ።

«እንኪ እቴ። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር እየቆምሁ ነው የመጣሁት። እኔን ራሴን እንዲህ ተንከባክቦ የነዳኝ ሰው የለም።»

ከረጢቱን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ያዝሁት። ያኔ ነው ያየሁት፣ ወይም ያየሁ የመሰለኝ። ሁለት ታካሚ ካርድ ይጠብቃል፤ አንዱ ጉንጩን ይዞ ያቃስታል። ዓሣዋን ቀስ ብዬ ከገንዳው ውሃ አለማመድኋትና ለቀቅኋት። ያየሁትን ግን አልጻፍሁም። እኔ፣ ያልተጻፈ ነገር አልሆነም የምለው ሴትዮ፣ አልጻፍሁም።

ሦስት ቀን ሙሉ አልበላችም። የደረቀ የባሕር ሣር ነበር የምሰጣት። መጥታ ታሸትተዋለች፣ አንዴ ትነክሰዋለች፣ ትተፋዋለች። ተራ ከሚጠብቁት አንዲት እናት «ምነው፣ ይችም እንደኔ መንጋጋዋ ነው? ከእኔ በፊት አስገቧት እንጂ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። እኔ አልሳቅሁም። ባዶ ካርድ አውጥቼ ጻፍሁ፦ «ስም፦ ቢጫዋ። ዕድሜ፦ አይታወቅም። ዋና ሕመም፦ ምግብ ትተፋለች።»

መመሪያው እንዲህ ይላል፦ ወደ ምግብ ጭራሽ የማትቀርብ ዓሣ ፈርታለች ወይም ሌላ ሕመም አለባት፤ ቀርባ የምትተፋ ግን አፏን ታማለች። አፉ በአንድ ወገን ብቻ ከቀላ ወይም ካበጠ ተጋጭታ ነው፤ ነጭ ሆኖ እንደ ጥጥ ከተንዘረዘረና ከቀን ወደ ቀን ከሰፋ ግን ተዛማች በሽታ ነው። ፊቴን ከመስታወቱ አስጠግቼ አየሁ። ያበጠው አንድ ወገን ነው። ይህም ግልጽ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን እዚያው ቦታ ላይ ነጭ ነገር ተንጠለጠለ። ጥጥ ነው? ጥጥ አይመስልም። ሰፍቷል? የትናንቱን አልለካሁትም፤ በምን ላወዳድረው?

ዶክተሯ ሥራ ላይ ነበረች። ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ።

እኛ አገር በሬ መኖ ሲተው አፉ ይከፈታል። አባቴ ምላሱን ስቦ ያይና የሞተውን ሥጋ በጨርቅ ፍቆ ያነሣዋል፤ ከዚያም በደቀቀ ጨው ያሸዋል። «የሞተው ካልተነሣ የዳነው አይወጣም» ይል ነበር። በሬው ያጓራል፣ በማግስቱ ግን ይግጣል። እኔም ካርዱን ይዤ፣ መመሪያውን አንብቤ፣ መለኪያውን ጨብጬ ቆሜ ሳለ፣ የአባቴ እጅ ከገጹ ቀድሞ መጣ።

ዓሣዋን በመረብ አወጣኋት። ጭራዋ አጠገብ ያለው እሾህ መረቡ ላይ ተያዘ፤ ስትወራጭ ከገንዳው ጠርዝ ጋር አንዴ፣ ምናልባት ሁለቴ ተጋጨች። በእርጥብ ፋሻ ያዝኋት። ነጩን ነገር በጥርስ ሐኪም ወረንጦ ሳብሁና በጥቂት ጨው አሸሁት። የጨው ውሃ ልጅ ናት፣ ጨው ምን ያደርጋታል ብዬ። ደም መጣ። መልሼ ስለቃት ከንፈሯ ወደ ጎን ተጣሞ ነበር።

ከዚያ ነው አንብቤ የረሳሁትን ቀጣዩን ገጽ መልሼ ያየሁት፦ ልስልስ ያለና የማይሰፋ ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ የሚድን ሥጋ ነው፤ አይነካም።

ዶክተሯ ጓንቷን እያወለቀች ወጣችና አየቻት። «ውይ! አፏ ምን ሆነ?»

«ስትመጣም ነበረባት» አልሁ።

ሳላስበው ከአፌ አመለጠ ብል ደስ ባለኝ። ካርዱ ላይ የጻፍሁት ግን አስቤ ነው፦ «ስትገባ የነበረ ቁስል።» በዚያው ባማረ እጅ ጽሕፈቴ።

በሳምንቱ ሽማግሌው የጓንት ካርቶን ይዘው ሲመጡ ዶክተሯ በትሕትና ጠየቀቻቸው። «አያ፣ ይቺ ዓሣ መንገድ ላይ ተጋጭታብዎት ነበር?»

«እኔ? ኪዳነ ምሕረትን! ሳስረክባት አፏ ሙሉ ነበር፣ ሸጋ ነበር!»

«እዚህ ተጽፏል እኮ፣ አያ።»

ካርዱን አዩት። ማንበብ ይችላሉ፣ ግን አላነበቡትም፤ ያዩት እኔን ነው። «እቴ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ» አልሁ።

ካርቶኑን አስቀምጠው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃችንን የሚያመጣው ሌላ ሰው ሆነ። አየር ማረፊያው በር ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቁት ሾፌሮች «የዓሣ ጥርስ ሰባሪው መጡ!» እያሉ እንደሚቀልዱባቸው አዲሱ ሰውዬ እየሳቀ ነገረኝ። በሃያ ዓመት ሥራ አንድ ብርጭቆ ያልሰበሩ ሰው ናቸው።

ቢጫዋ ዳነች። ለብቻዋ ትንሽ ገንዳ ሠራሁላት፤ በመረብ ሳይሆን በጣሳ ከነውሃዋ ቀድቼ አዛወርኋት። ውሃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ለወጥሁ፣ በጨርቅ ጋርጄ ከሰው ዓይን አሳረፍኋት፣ ሣሩን ዘፍዝፌ እንደ ክር ቀጫጭን አድርጌ ሰጠኋት። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ብርሃን በስልኬ ፎቶ አነሣኋት። በዘጠነኛው ቀን ጎረሰችና አልተፋችም። ከንፈሯ ግን ጠማማ ሆኖ ቀረ። በየቀኑ ጠዋት ገንዳውን ስጠርግ በዚያ ጠማማ አፍ ታየኛለች። የእኔ እጅ አብሶታል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ከእጄ በፊት የነበረው ምንድን ነው? ቁስል ከነበረ የጻፍሁት እውነት ነው፣ የደበቅሁት ብቻ ነው ጥፋቴ። ካልነበረ ግን በሰው ላይ ሐሰት መስክሬአለሁ። ካርዱን እያወጣሁ አየዋለሁ። ለመሰረዝም እርግጠኛ መሆን አለብኝ፤ እርግጠኛ ያልሆንሁበትን አልሰርዝም፣ እርግጠኛ ሳልሆን ግን ጽፌዋለሁ። እዚህ ላይ ይምታታብኛል።

አንድ ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሽማግሌው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ገቡ። ጉንጫቸው እንደ ቡሖ ተነፍቷል። እኔን ላለማየት ግድግዳውን እያዩ «ካርድ» አሉ።

«የቱ ጥርስ ነው አያ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ ማክሰኞ። ጻፊ እንግዲህ፣ መጻፍ ታውቂበት የለ።»

ጻፍሁ። ዶክተሯ ጥርሱን ነቀለችላቸው፤ ጥጥ ነክሰው ግማሽ ሰዓት እንዲቆዩ ከገንዳው ፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ሌላ ታካሚ አልነበረም። መናገር እንደማይችሉ አየሁና፣ ፈሪነቴ ይሁን ድፍረቴ አላውቅም፣ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። መረቡን፣ ወረንጦውን፣ ጨውን፣ ካርዱን። «ሲያመጧት ግን ቁስል ይኑራት አይኑራት እስከ ዛሬ አላውቅም» አልሁ። «አይቼ ነበር፣ ያየሁትን ግን አላውቀውም።»

ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ጥጡን ከአፋቸው አወጡት።

«አያ፣ ይንከሱት! ግማሽ ሰዓት አልሞላም!»

«ተይኝ! እኔ መች አየኋትና? መንገዱን ሳይ ነው የመጣሁት። አፏ ሙሉ ነበር ብዬ በእመቤቴ ስም የማልሁት ተናድጄ ነው። ሳላይ! ለንስሐ አባቴ ነግሬ ስንት ቀን እንደ ሰገድሁ ታውቂያለሽ? በዚህ ጉልበት!»

«ታዲያ መሐላው እውነት ቢሆንስ?» አልሁ።

«ታዲያማ ስግደቱን ማን ይመልስልኛል? አንቺ?» ሳቃቸው መጣና ጉንጫቸውን ያዙ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ግን ስሜን አጥፍተሽዋል፣ እቴ። ዓመት ሙሉ።»

«አጥፍቻለሁ።» ካርዱን አመጣሁት። በፊታቸው ያን መስመር ሰረዝሁና «አይታወቅም» ብዬ ጻፍሁበት። ከሥሩም በእጄ የሆነውን ጨመርሁ፤ ሊያነብቡት እንዲችሉ በጉልሕ። ቀስ ብለው አነበቡት። ዶክተሯ ስትወጣ ካርዱን ለእሷ የሰጧት እሳቸው ናቸው።

እሷ እያነበበች ሳለ ሽማግሌው ወደ መስታወቱ አጎነበሱ። «የቱ ጋ ነው ጠማማው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩ። «እኔ አይታየኝም» አሉ። ከዚያ አዲስ ጥጥ ስሰጣቸው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ማታ ይሄን ድዴን በጨው ልሸው?»

«አይነካም፣ አያ» አልኋቸው። «ዛሬ ምንም አይነካም።»