አባቴ ያሳሳው የገና ዱላ

ሞጣ ውስጥ በአንድ አናጺ ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ በማሽን የሚፋቅ የወይራ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ እግሬ ቀጥ ይላል፤ ልቤም ወደ ቢቸና፣ ወደ አባቴ ደጅ ይመለሳል። ሰው «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ሲለኝ «ኧረ ደህና ነኝ» እላለሁ እንጂ ደህና አይደለሁም።

አባቴ አናጺ ነበር። ኅዳር ገብቶ እህል መታጨድ ሲጀምር፣ የሰፈሩ ወንዶች የገና ዱላቸውን ከጣሪያ ሥር እያወረዱ ያመጡለት ነበር፤ እሱም የዓመቱን ጥላሸት በቢላ ፍቆ፣ ቆልማማውን ጫፍ በትኩስ አመድ አሙቆ ቅርጹን አስይዞ፣ ቅቤ ቀብቶ ይመልስላቸው ነበር። አንዱ ዱላ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጅበት ነበር። አንድ ዓመት ግን ግራይንደር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መፋቂያ ገዛ፤ የብርጭቆ ወረቀት እየገጠመ፣ የሰውን ሁሉ ዱላ ባንድ ቀን አጸዳና በቀረው ጊዜ የራሱን ይዞ ተቀመጠ። ሲያብረቀርቅለት ጊዜ መተው አቃተው፤ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስም ግራይንደሩን አስነሥቶ ይፍቀው ነበር።

እናቴ ዱላውን በእጇ መዘን አድርጋ፣ «አንተ ሰው፣ አንገቱ ሳሳ እኮ፤ ተወው ይብቃው» አለችው።

«ቀለል ሲል ነው የሚፈጥነው፤ ይልቅ አንቺ ወጥሽ እንዳያርብሽ» ብሎ ሳቀባት።

የገና ለት ሜዳው ላይ አባቴ ሩሯን፣ የእንጨቷን ኳስ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲመታ፣ ዱላው ከአንገቱ ተሰብሮ ስንጣሪው የአያ ደመላሽ ዓይን ውስጥ ገባ። አያ ደመላሽ ጎረቤታችን፣ የአባቴም የልብ ወዳጅ ነበር። ሐኪም ቤት ቢወሰድም ቀኝ ዓይኑ አልተረፈም።

አያ ደመላሽ ከሐኪም ቤት እንደወጣ፣ አባቴ እኔን አስከትሎ ቤቱ ሄደና፣ ገና ከበሩ «ጥፋቱ የኔ ነው ደመላሽ፤ ዱላውን ያሳሳሁት እኔ ነኝ፣ እያወቅሁ» አለው።

አያ ደመላሽ ዓይኑ እንደታሸገ ሳቀ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም? ዳግመኛ እንዳታነሣብኝ፤ ይልቅ ተቀመጥ።»

አባቴ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ምግብ ግን ሳይነካ ተነሣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወደ ነፍስ አባታችን ሄዶ «ያስታርቁን» ቢላቸው፣ «ሳትጣሉ ምኑን ላስታርቅ ልጄ?» ብለው መለሱት። ፋሲካን ሥጋ ሳይቀምስ አሳለፈ። ሰኔ ሲደርስ ማንም ሳይጠይቀው የአያ ደመላሽን ጣሪያ አደሰ፤ አያ ደመላሽም «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው» እያለ በየሰዉ ፊት ሲያመሰግነው፣ አባቴ አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ በልጅነቴ በአያ ደመላሽ እናደድ ነበር፤ ምናለ አንዴ ቢሰድበው እል ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ የማንንም ዱላ አልነካም።

ዛሬ በሰፈሬ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ቢጎዳዱ፣ ወላጆች ተካስሰው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ተበዳይ ማርኩህ ብሎት ይሳሳማሉ። ጎረቤቶቼ ይኼን ሲያዩ «ድሮ እኮ ፍቅር ነበር፤ ለጨዋታ ማን ይካሰስ ነበር?» ይላሉ። እኔ ግን የአባቴ ቀብር ትዝ ይለኛል። አባቴ የሞተ ቀን ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው አያ ደመላሽ ነበር፤ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ፣ «አንድም ቀን ተቀያይመን አናውቅም» እያለ አለቀሰ። እውነቱን ነው። አባቴ «ማርኩህ» የሚለው ሰው ሳያገኝ ሞተ።