ጠጂቱ በማደያው በር ላይ

ከአሰላ ወደ በቆጂ ሲኬድ፣ መንገዱ በገብስ ማሳ መሀል ቁልቁል ወርዶ አንድ ድልድይ የሚያገኝበት ቦታ ላይ የጋሼ ገብረወልድ ማደያ አለ። ዛሬ ሁለት የነዳጅ ማሽን፣ ጎሚስታ ቤትና ምግብ ቤት አለው፤ ሾፌሮች «ገብሬ ጋ ወርደን እንብላ» ይባባላሉ። ሲጀመር ግን አንድ በርሜልና አንድ የእጅ ፓምፕ ብቻ ነበር። ያን በርሜል አንድ ሾፌር በሲጋራው አጋየው፤ እሳቱ የጋሼ ገብረወልድን ቅንድብና የግራ ጆሯቸውን ይዞ ሄደ። ሽማግሌው ጠባሳቸውን እየዳሰሱ፣ «ይህ ቦታ በየጊዜው ግብር ይጠይቃል» ይሉ ነበር።

የጠጂቱ ባል ከግብሩ አንዱ ሆነ። ጠጂቱ ከዲክሲስ ተድራ የመጣችው የማደያው ጎሚስታ ለነበረው ለነገሳ ነው። አንድ ጠዋት ነገሳ የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ፣ ጎማውን በቸርኬው ላይ የሚይዘው የብረት ቀለበት ተስፈንጥሮ ደረቱን መታው። ጠጂቱ ያልተጨመቀ ልብስ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ስትደርስ፣ ነገሳ አልቆለት ነበር፤ ኮምፕሬሰሩ ግን ገና ይጮኻል። ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ ማሽኑን ለማጥፋት ያሰበ ግን አልነበረም። እሷ ሄዳ አጠፋችው። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቷ የተሰማው።

የነገሳ ታላቅ ወንድም ዋቅቶላ ያን ጊዜ ደረሰላት። የእሷን ማሳ ከራሱ አስቀድሞ አረሰ፤ ክረምት ሳይገባ ጣሪያዋን ከደነላት፤ «የወንድሜ ቤት ጭስ አይጠፋበትም» አለ። ለሊሴ የምትባል አንዲት ልጁንም እየላከ አብራት እንድታድር አደረገ። ጋሼ ገብረወልድ ደግሞ ነዳጅ ቀጂ አድርገው ቀጠሯት።

ሴት ነዳጅ ስትቀዳ ያዩ ሾፌሮች መቀለዳቸው አልቀረም።

«አዴ ጠጂቱ፣ ቅቤ ጣል አርጊበት እንጂ!»

«ያንተን መኪና ቅቤ አያድነውም። ጸሎት ነው የሚያስፈልገው።»

ነዳጅ በጠፋባቸው ወራት ግን ቀልድ አልነበረም። ሰልፉ ከቁልቁለቱ አናት ይጀምራል፤ የተራበ ጅብ ይመስል ሰው እርስ በርሱ ይናከሳል። አንድ ቀን አንድ ባለባጃጅ ሌላውን በክሪክ ብረት አፉ ላይ መታው። ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ፤ ደሙ ከፈሰሰው ናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ሐምራዊ ሆነ። ጠጂቱ የመጋዝ ብናኝ በትና ጠረገችው። ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች፤ ጠብ ሲነሳ ዓይኗን ወደ መሬት ትሰድ ነበር እንጂ መሀል ገብታ አታውቅም።

ያ የገበያ ቀን እስኪመጣ።

ለሊሴ ከወፍጮ ቤት ዱቄቷን አዝላ ወደ ማደያው ትመጣ ነበር። ገብስ የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬኑ ተበጠሰ። ሾፌሩ ሀሰኖ የሚባል የሮቤ ሰው ነው፤ ጥሩምባውን እየነፋ አንድ የፈረስ ጋሪ ለማዳን መሪውን ጠመዘዘ። ጋሪውን አዳነ። ለሊሴን ግን ከድልድዩ ግንብ ጋር አጣበቃት። ዱቄቱ በአየር ላይ ተነስቶ፣ በመንገዱ ላይ፣ በሰው ፀጉር ላይ፣ በፈሰሰው ደም ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

ዋቅቶላ ገበያ ነበር። ሰው እየተከተለው ሮጦ መጣ፤ የልጁን ራስ ከግንቡ ሥር አውጥቶ በጋቢው ጠቀለለው። ለረጅም ጊዜ አቅፏት ተቀመጠ። ከዚያ አስተኛትና ዱላውን አነሳ።

ሀሰኖ ከመኪናው ወርዶ ወደ ማደያው ሸሽቶ ነበር። ጋሼ ገብረወልድ ገፍተው ዘይት መጋዘን ውስጥ አስገቡትና ቆለፉበት። ሕዝቡ ሲደርስ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«አውጡት!»

«ለፖሊስ ነው የማስረክበው፤ ለእናንተ አልሰጥም!»

የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባራቸውን ፈነከተው። ሁለተኛው የነዳጅ ማሽኑን መስታወት አደቀቀው። አንዱ ጎረምሳ የቤንዚኑን ቱቦ ነጥቆ መሬት ላይ ለቀቀው፤ ሌላው «ካላወጣችሁት ከነማደያው እናነደዋለን!» ብሎ ክብሪት አወጣ። በእግራቸው ሥር የተቀበረው የነዳጅ ታንከር ትናንት ተሞልቶ እንደነበር የሚያውቁት ጠጂቱና ጋሼ ገብረወልድ ብቻ ነበሩ።

እሷም ሀሰኖ ቢሞት አትጠላም ነበር። የለሊሴን ፀጉር ጎንጉና ገና ሳምንት አልሆናትም። ነገር ግን በመጋዘኑ መስኮት ሰውየውን አየችው፤ ከዘይት ጣሳዎቹ መሀል ተኮራምቶ፣ ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጭኖ፣ እንደ ሕፃን ከፊትና ከኋላ እየተወዛወዘ። ዘወር አለችና ከማደያው ጀርባ ወዳለው ቤቷ ሮጠች።

በአርሲ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ አንድ ቀጭን በትር ትሰጣታለች፤ ሲንቄ ይባላል። ሰው ሲጣላ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሀል ከቆመች የሚሻገራት የለም፤ ጦር የመዘዘም ይመልሳል። ጠጂቱ እጇን ከበሩ ጀርባ፣ ሲንቄዋ ይቆምበት ወደነበረው ጥግ ሰደደች። የሸረሪት ድር ነካች። ያን ጊዜ ትዝ አላት። ጌታን በተቀበለች ዓመት፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና፣ «የአሮጌው ሕይወት ነገር ነው» ብላ በጸሎት ቤቱ ግቢ እሳት ውስጥ ከትታዋለች። ማንም አላስገደዳትም። እየዘመረች ነበር ያቃጠለችው።

ባዶ እጇን ወጣች። ከታንከሩ ክዳን አጠገብ፣ በየጠዋቱ የነዳጁን ጥልቀት የምትለካበት የእንጨት ዘንግ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ናፍጣ ይሸታል። ብድግ አድርጋ፣ ደማቸውን እየጠረጉ ከቆሙት ከጋሼ ገብረወልድ ፊት ገባች። ዘንጉን በሁለት እጇ ወደ ላይ አነሳች።

«ሲንቄ ነው! አትለፉኝ!»

የፊተኞቹ ቆሙ። አንዱ ከኋላ ሳቀ። «ይሄማ የናፍጣ መለኪያ ነው!»

«ዝም በል አንተ!» አሉ ኦቦ አብዲሳ የሚባሉ ሽማግሌ። «እንጨቱን ተው። አያያዟን እይ።»

ክብሪት የያዘው ጎረምሳ እጁን አወረደ። ዋቅቶላ ግን አልቆመም።

«ጠጂቱ፣ ዞር በይ።»

«ዞር አልልም፣ ወንድሜ።»

«ልጄን ነው የገደለብኝ!»

«የእኔም ልጅ ናት።»

«ዞር በይ አልኩሽ!»

ዱላው ክንዷ ላይ ወረደ። አጥንቷ ሲሰበር የቀረበ ሁሉ ሰማው። ዘንጉ ከአንዱ እጇ ወደቀ፤ በሌላው ያዘችው። አንድ ጊዜ ደግሞ ትከሻዋን መታት፤ ተንበረከከች፤ ዘንጉ ግን ከፍ እንዳለ ነበር። ያን ጊዜ አንዲት ቅቤ ሻጭ ቅሏን መሬት ላይ አስቀምጣ መጣችና ከአጠገቧ ቆመች። ቀጥላ ሌላዋ፣ ጥላዋን እንደ በትር ይዛ። ከዚያ ሌሎች። የዋቅቶላ ዱላ በአየር ላይ ቀረ፤ ወንዶቹ ድንጋያቸውን አንድ በአንድ ጣሉ። ፖሊስ መጥቶ ሀሰኖን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ሲወስደው፣ ዋቅቶላ ተመልሶ ከልጁ ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

የለሊሴ ሐዘን ሳይወጣ ሌላ ነገር መጣ። ሲንቄ የያዘች ሴት ተመትታለች፤ በአገሩ ደንብ የመታት ሰው በሴቶቹ ፊት ጊደር አርዶ፣ ተንበርክኮ ይቅርታ እስኪለምን ድረስ እሳት አይበደርም፣ ሰላም አይባልም። ዘንጉ ተራ እንጨት ከነበረ ግን፣ ያዘነ አባት የወንድሙን ሚስት መታ፤ ተጨባብጦ ያልፋል። ሽማግሌዎቹ ይህን ሊጠይቋት በማደያው ግቢ ቀጠሯት።

በቀጠሮው ዋዜማ የጸሎት ቤቷ ሰባኪ ሌዊ መጣ። «እህት ጠጂቱ፣ ነፍስ አድነሻል፤ ጌታ ይመስገን። ነገ ግን ሲንቄ ነው እንዳትዪ። ያቃጠልሽውን መልሰሽ ታነሺያለሽ? እንዲህ ካልሽ ከጌታ ራት ልንከለክልሽ ነው።»

እሱ ሲወጣ ዋቅቶላ ገባ። አልተቀመጠም።

«እንጨት ነው በይ» አላት። «ልጄን ቀበርኩ። አሁን ደግሞ በአገር ፊት አታንበርክኪኝ። ማሳሽን ያረስኩት እኔ አይደለሁም?»

«አንተ ነህ» አለች። በሄደ ጊዜ በጀሶ የታሰረ ክንዷን አቅፋ አለቀሰች።

በማግስቱ ኦቦ አብዲሳ ጠየቋት፤ «በእጅሽ የነበረው ምንድን ነው?»

ጠጂቱ ዋቅቶላን አየችው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንገቱ ቀጥኗል። ቀጥላ በመስታወቱ ስብራት ላይ ካርቶን የተለጠፈበትን ማሽን፣ ከዚያ ቁልቁለቱን አየች። ሌላ መኪና እየወረደ ነበር፤ ሌላም ከኋላው። ነገም የአንዱ ፍሬን ይበጠሳል። ነገም አንድ ሰው ወደዚህ በር ይሮጣል።

«ሳነሳው ሲንቄ ብዬ ነው ያነሳሁት» አለች። «ሲንቄ ነው።»

ዋቅቶላ ዓይኑን ጨፈነ።

ያመጣት ጊደር ለለሊሴ ሠርግ ያሳደጋት ነበረች። በሴቶቹ ፊት ራሱ አረዳት፤ ቢላዋውን ጠርጎ ከጠጂቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ሴቶቹ «ይቅር በይው» አሉ። እሷ ጎንበስ ብላ በአንድ እጇ ትከሻውን ያዘች። ድምፁ ከእሷ በቀር ለማንም አልተሰማም።

«ባትቆሚ ኖሮ ገድዬው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አሁንም ልገድለው እፈልጋለሁ።»

«አውቃለሁ። ተነስ፣ ወንድሜ።»