ፍራሹ ስንት በስንት ነበር?

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ፍራሽ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥጥ ሲነድፍ፣ ጨርቅ ሲቆርጥ፣ ጠርዝ ሲሰፋ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ነው? ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቁ ፊት የሚያልፍ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ በተሠራ ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ ያልተኛም ወደፊት ይተኛል። ሰዎች በእሱ ፍራሽ ላይ ተኝተው ባሕር ሲሻገሩ፣ ከሞቱ ዘመዶቻቸው ጋር ሲጨዋወቱ፣ ከገደል ሲወድቁ ያድራሉ። እሱ ራሱ ግን ሕልም የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ጭንቅላቱ ትራስ ከነካ እስኪነጋ ድረስ ግንድ ነው። "እኔን ከፍራሹ የሚለየኝ ማንኮራፋቴ ብቻ ነው" ይላል። በዚህ ነገር ሚስቱ ተከራክራው አታውቅም።

ሚስቱ አረጋውያንን ለመንከባከብ ጀርመንኛ ወደሚነገርበት አገር ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል። እሱም ሊከተላት ወረቀቱን ሁሉ አሟልቶ የቀረው አንድ የቋንቋ ፈተና ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ፣ እሷ "የሕፃናት" የምትለው። የሕፃናቱን ፈተና ግን አንዴ ወድቋል። ጽሑፉን እንደምንም ተወጣው። በቃል ፈተናው ላይ ፈታኟ በትርፍ ጊዜው ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው ምላሱ ተሳሰረ። ቃሉ ጠፍቶት ብቻ አልነበረም። ትርፍ ጊዜ ኖሮት ስለማያውቅ በገዛ ቋንቋው ቢጠየቅም የሚለው አልነበረውም። ተነሳና ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ።

"በጨዋነት ነጥብ የሚሰጥ ቢሆን አንደኛ እወጣ ነበር" አላት በስልክ፤ ስልኩን እንደ ልማዱ በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ ጠርዝ እየሰፋ።

እሷ አልሳቀችም። "አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ፈተና እለፍ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠብቅህም" አለችው።

አልጠብቅህም ማለት ምን ማለት ነው? ትመለሳለች ማለት ነው ወይስ እስከ ወዲያኛው ትተወዋለች? ልጠይቃት ብሎ ፈራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጡን ሲነድፍ አብሮ የሚነድፈው ይችኑ ቃል ሆነ።

እናም በሃምሳ አራት ዓመቱ እንደገና ተማሪ ቤት ገባ። አስተማሪዋ፣ ልጅ ወልዶ ቢሆን ኖሮ በልጁ ዕድሜ የምትሆን ቀጭን ሴት፣ የራሷ የሆነ ዘዴ ነበራት። ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ ሳይገለጥ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ቆሞ ሌሊት ያየውን ሕልም በጀርመንኛ ይናገራል። ለዚህም በመጀመሪያው ቀን አንድ ግስ ሰጠቻቸው፦ ትሮይመን፣ ሕልም ማየት። "ይህን ግስ የራሱ ያደረገ ሰው ስለ ራሱ መናገር አያቅተውም" አለች። ጋሽ ፍራሽ ግሱን ሱቁ ውስጥ በነደፋ ተለማመደው። ዱላው ሲያርፍ "ትሮይ"፣ ዱላው ሲነሳ "መን"። በሱቁ በር የሚያልፉ ሰዎች ሒሳብ እየቆጠረ መስሏቸው ነበር።

በማግስቱ ተራው ሲደርስ ተነሳና "ኢሽ ሀበ ፎን አይነር ማትራትሰ ገትሮይምት" አለ። በሕልሜ ፍራሽ አየሁ ማለቱ ነው። ክፍሉ አጨበጨበለት። ጭብጨባው አስደስቶት ነበርና በሁለተኛውም ቀን ፍራሽ አየ። በሦስተኛው ቀን ትልቅ ፍራሽ አየ። በአራተኛው ቀን ሁለት ፍራሽ ሲያይ አስተማሪዋ ጠመኔዋን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ፍራሽ ክልክል ነው።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"የሚያዩትን ነዋ!"

ምንም አላይም ለማለት አፈረ። ሰው እንዴት ሕልም እንኳን ያጣል? ድሃም ያያል፣ እስረኛም ያያል። የጎረቤቱ ውሻ እንኳ ተኝቶ እግሩን ያወራጫል።

ከሱቁ ጎን ቁልፍና ክር የምትሸጥ ሴት አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማያርፍ። ችግሩን ሲያዋያት ሳቀችበት። "ሕልም ነው ያጣኸው? ከእኔ ውሰድ! እኔ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው የማየው" አለችው። ውለታው ለወንበሯ የሚሆን ትራስ ሆነና ስምምነቱ ተፈጸመ። በየጠዋቱ ሱቃቸውን ሲከፍቱ እሷ ትነግረዋለች፤ እሱ በትእዛዝ ደብተሩ ጀርባ ይጽፋል፣ ከመዝገበ ቃላት ቃል ይለቅማል፣ እስኪወጣለት ይሸመድዳል፣ ከዚያ ወደ ክፍል ይሮጣል። ጫማ ያደረገ ፈረስ ደረጃ ሲወጣ። ጀልባ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቆሞ። ሰዓት ውጣ ሆዷ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል፤ እሱ ሲናገረው ሆዱ የእሱ ሆነ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጋሽ ፍራሽ የክፍሉ ጌጥ ሆነ። አብሮት የሚማረው ወሬኛ ጸጉር አስተካካይ የእሱን ሕልም ለመስማት ሲል ማርፈዱን ተወ። አስተማሪዋም "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሠዓሊ መሆን ነበረብዎ" አለችው። ደረቱን ነፋ። ነገሩ ውሸት መሆኑን ራሱ ረሳውና በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዞ "እኛ ሕልም የሚበዛብን ሰዎች እንቅልፍ አንጠግብም" እያለ ማማረር ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አንኮራፍቶ የመጣ ሰው!

ውርደቱ የመጣው የሆቴል ትእዛዝ በተደራረበበት ሳምንት ነው። አሥራ ሁለት ፍራሽ ለዐርብ። ቁልፍ ሻጯ የነገረችውን እየቆረጠ ሰማ፣ እየሰፋ ጻፈ፣ እየሮጠ ሸመደደ። ክፍል ሲደርስ ቆመና ድምፁን ሞረድ አድርጎ ያለ አንዲት ስሕተት አወረደው። ሰርጌ ነበር፣ አለ። ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ አለ። ዐይነ ርግቤ ረጅም ነው። ሙሽራው መለሎ ነው፣ ጺማም ነው፣ እጄን ያዘኝ።

ጸጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ተንሸራተተ። አስተማሪዋ ፊቷን በስም መጥሪያው ደብተር ሸፈነች። ጋሽ ፍራሽ ግን ማቋረጥ አልቻለም። የተሸመደደ ነገር መሃል ላይ ከቆመ መልሶ አይገኝም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሄደ። "በደስታም አለቀስኩ" ብሎ ተቀመጠ። የተናገረው ነገር የገባው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ክው አለ። ከዚያ ሌላ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ እሱም ከሁሉም በላይ ጮኾ ሳቀ።

ጸጉር አስተካካይ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ሊያድር ነው? የሚስቱ ታናሽ እህት ከጸጉር ቤቱ ፊት ለፊት ነው የምትኖረው። እሑድ ጠዋት ስልኩ ሲጮኽ ወሬው ባሕር ተሻግሮ ተመልሶ ነበር።

"ስለ ሰርግህ ሰማሁ" አለች ሚስቱ።

እየሳቀ አስረዳት። "የኔ አይደለም እኮ! የቁልፍ ሻጯ ሕልም ነው። በየቀኑ ትነግረኛለች፣ እኔ አጠናዋለሁ። ፈረሱም የሷ ነው፣ ጀልባውም የሷ ነው፣ ባልየውም የሷ ነው።" አብራው ትስቃለች ብሎ ጠበቀ፤ መርፌውን አስገብቶ አወጣ።  

"ሃያ ስድስት ዓመት በየጠዋቱ ሕልሜን ነግሬሃለሁ" አለችው።

"አዎ፣ ነግረሽኛል።"

"እስቲ አንዱን ንገረኝ።"

አፉን ከፈተ። ጠዋቶቹን ሁሉ ያስታውሳል፦ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ፣ እሷ በሌሊት ልብሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስታወራ፣ እሱ መስኮቱ ስር ክር በመርፌ ሲያስገባ። ድምፅዋ ጆሮው ውስጥ አለ። የራሱም "እህ... እህ..." አለ። ከነገረችው ግን አንዲት ቃል የለም።

"የሰው ሕልም በባዕድ ቋንቋ ሸምድደሃል" አለችው። "የኔን በገዛ ቋንቋህ አታውቅም። እዚህ መጥተህስ ምን ትሆነኛለህ? እህ የሚለኝ ሰው እዚህም ሞልቷል። የምንከባከባቸው ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ እህ ይሉኛል። እነሱ ግን ጆሯቸው አይሰማም።" ዘጋችው። ከዚያ በኋላም ሲደውል አላነሳችም።

ፈተናው አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ሰኞ ዕለት ቁልፍ ሻጯ አዲስ ሕልም ይዛ ስትመጣ "ይቅርብኝ" አላት። ክፍል ውስጥ ተራው ሲደርስ ተነሳና "ኢሽ ትሮይመ ኒሽት" አለ። እኔ ሕልም አላይም። ያን ግስ ሳይዋሽበት ሲጠቀም የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ አዝኖ "ፈረሱስ?" አለው። "ሸሸ" አለ ጋሽ ፍራሽ።

 ሲነድፍ፣ ሲቆርጥ፣ ሲበላ ያንን በትዝታው መስኮት ስር ክር የሚያስገባውን ሰውዬ ቀና በል እያለ ይሰድበዋል። ሰውዬው ቀና አይልም። በስምንተኛው ቀን ከመደርደሪያው ቀይ ሰንበር ያለበት ጨርቅ አውርዶ መስፋት ሲጀምር መርፌው አውራ ጣቱን ወጋው፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲሰፋ እንዲሁ የተወጋበት አንድ ጠዋት መጣለት። ያኔ ሚስቱ እንደነገረችው፣ በሕልሟ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆማ ነበር። ፍራሽ ተሸክማለች። ሾፌሩ ከነፍራሹ አላስገባም ይላታል። እሱ ከጎኗ ቆሞ የፍራሹን ጠርዝ እየሰፋ "ቆይ፣ ይችን ብቻ ልጨርስ" ይላታል። ይህን ነግራው ስትጨርስ እሱ የተወጋ ጣቱን እየመጠጠ አንድ ጥያቄ ጠይቋት ነበር። "ፍራሹ ስንት በስንት ነበር?"

ብቻውን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊቱን በቀዩ ጨርቅ ሸፈነ። ከሃያ ስድስት ዓመት ሕልም አንድ ሰምቷል፤ እሱንም ፍራሽ ስለነበረበት ነው።

የቃል ፈተናው ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በካርድ በወጣ ቃል እየተጠያየቁ ነው። ዕጣው ከጸጉር አስተካካዩ ጋር አገናኘው። ጠረጴዛው ላይ ከተደፉት ካርዶች ጸጉር አስተካካዩ አንዱን ገለጠ፤ አልጋ የሚል ነበር። ዐይኑ በራ። ለወዳጁ ውለታ ሊውልለት አስቦ "እርስዎ አልጋ ላይ ሲተኙ ምን ሕልም ያያሉ?" ብሎ በጀርመንኛ ጠየቀው።

ፈረሱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ጫማውን አድርጎ፣ ደረጃውን እየወጣ፣ አንዲት ስሕተት የሌለበት። ጋሽ ፍራሽ ዋጠው።

"እኔ ሕልም አላይም" አለ። "ሚስቴ ታያለች።" ከዚያ በኋላ የሸመደደው ስላልነበረ እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ እንደሚወጣ ውሃ ጎተተው። ሚስቴ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ፍራሽ አላት። ሾፌሩ አይሆንም ይላል። እኔ እሰፋለሁ። እኔ ቆይ እላለሁ። ጠዋት ሚስቴ ትነግረኛለች። እኔ እጠይቃለሁ፦ ፍራሹ ስንት በስንት ነው?

ፈታኟ የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አነሳች። "ኡንት? ቪ ግሮስ ቫር ዚ?" አለችው። እሺ፣ ስንት በስንት ነበር?

ጥያቄው ሳይተረጎም ገባው። "አላውቅም" አላት። "አልመለሰችልኝም። ሻይ አፈላች።" ጸጉር አስተካካዩ ይህን ጊዜ አልሳቀም።

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። ስልሳ ሁለት፤ ማለፊያው ስልሳ። ለሚስቱ ደወለ፤ እንዳትዘጋው ፈርቶ ሰላምታም ሳይሰጥ፣ ውጤቱንም ሳይነግር ያንን የአውቶቡስ ሕልም በተሰባበረው ጀርመንኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት። እጁ ከልማድ ብዛት መርፌውን ይዞ ጠርዝ ይሰፋ ነበር።

"ያን አስታወስከው?" አለችው ቀስ ብላ።

"ፍራሽ ስለነበረበት ነው" ብሎ አመነ።

በአፍንጫዋ ሳቀች። "ያን ቀን ሻዩን በስኳር ፈንታ በጨው ነው ያፈላሁልህ። እሱንም አላወቅህም።"

"አላወቅሁም።" ክሩን ስቦ አጠበቀው። "ልጠይቅሽ የሚገባኝ ሌላ ነበር። ወዴት ልትሄጂ ነበር?"

"እኔ እንጃ። አንተን ስጠብቅ አውቶቡሱ ሄደ።" ቀጥላም "ፈተናውስ?" አለች።

"ስልሳ ሁለት።"

"በስልሳ ሁለት ያልፋል?"

"ያልፋል።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማ። ከዚያ ስልክ ስትዘጋ ሁልጊዜ እንደምትለው "በል እንግዲህ፣ ጠርዝህን ጨርስ" አለችው።

ጋሽ ፍራሽ መርፌውን ፍራሹ ላይ ሰካው። ስልኩን ከትከሻው አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው።

"ጠርዙ ይቆያል" አላት። "ትናንት ማታ ምን አየሽ?"

"ፍራሽ ያለበት ነው የምትፈልገው የሌለበት?"

"የሌለበት።"

"ረጅም ነው" አለች።

በር ላይ ደንበኛ ቆሟል። በእጁ ቆይ አለውና ተቀመጠ።