የማትነሳዋ ፔጆ

ጅቡቲ፣ ፔካ 12 በሚባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ሰፈር የጭነት ተራ ስጠብቅ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ከሰላምታ በላይ ያናገረኝ ሰው ስለሌለ ከከባድ መኪናዬ ጋር ማውራት ጀምሬአለሁ። ጠዋት በእግሬ ስዞር አንድ ሽማግሌ ኮፈኗ የተከፈተ አሮጌ ፔጆ አጠገብ ቆመዋል። በአማርኛ ጠሩኝ፤ ያደጉት ድሬዳዋ ነው።

«ልጄ፣ አልነሳ አለችኝ። ታይልኛለህ?»

መሪው ጋ ተቀምጬ ሞከርኳት። ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አጸዳሁ። ካርቡሬተሩንም አወረድኩ። እሳቸው ቁልፍ እያቀበሉኝ ስለ ሟች ሚስታቸው አወሩኝ፤ እኔም አዳማ ስላለችው ልጄ። ጫት የሚገባበት ሰዓት ደርሶ ሰፈሩ ሁሉ ወደየቤቱ ሲሰበሰብ እኛ ብቻ ፀሐይ ላይ ቀረን።

አስር ሰዓት ሲሆን ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው የኋላውን ኮፈን ከፈቱና ሙሉ ጀሪካን አወጡ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ቤንዚን ጨርሳ ነው። ጠዋት ብነግርህ ቀድተህላት ትሄዳለህ ብዬ ነው።»

እጄን በጨርቅ እየጠረግኩ፣ «አባባ፣ የቤንዚኑን ጌጅ እኮ ጠዋት መሪው ጋ ስቀመጥ አይቼዋለሁ» አልኳቸው።