የዛፉ ወገብ

አባቴ በጤና ጣቢያው ግቢ ሃያ ሰባት ዓመት አትክልተኛ ሆኖ ሲሠራ በስሙ የሚጠራው ጠዋት ጠዋት ፊርማ ሲያስፈርሙት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ «ልብስ ሰፊው» ነው። ይህን ቅጽል ስም ያተረፈለት ከግቢው መካከል የቆመው ግዙፍ የባኦባብ ዛፍ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላና በበጋው ማብቂያ፣ ከተጣለ የስልክ መስመር የተረፈ ረጅም ሽቦ ይዞ ግንዱን በደረቱ ከፍታ ይዞረዋል፤ ሽቦው ዞሮ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ለምልክት ቀጭን መዳብ ያስርበታል።

«ዛሬስ ሱሪ ነው ካፖርት?» ይለዋል ዘበኛው።

«ሱሪውን አምና ወስዷል፤ የቀረው እጅጌው ነው» ይላል አባቴ፣ ሳይስቅ።

ነገሩ የተጀመረው በልብስ አጣቢዋ ሴትዮ ቁጣ ነው። አባቴ በተቀጠረ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ የአንሶላ ማስጫ ሽቦ በግንዱ ዙሪያ አጥብቆ አስሮላት ነበር። በጋው ሲጠና ሽቦው ላልቶ ሸርተት አለና የታጠበው አንሶላ ሁሉ አፈር ላይ ወደቀ። ሴትዮዋ «ማሰር የማይችል ወንድ» አለችው። አባቴ ቋጠሮውን ቢመረምር እንደነበረ ነው፤ የቀነሰው ዛፉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መለካቱን አልተወም።

ዛፉ በግቢው ውስጥ ከማንኛውም ሠራተኛ በላይ ሥራ ነበረበት። ተራ ጠባቂ በሽተኞች በጥላው ሥር ይቀመጣሉ። የፍሬውን ጎምዛዛ ነጭ ዱቄት እናቶች በውኃ በጥብጠው፣ ምግብ እምቢ ላለ ልጅ በማንኪያ ይሰጣሉ፤ ለጋ ቅጠሉን ለወጥ ይለቅሙታል። በግንዱ ቀዳዳ አባቴ መጥረጊያና ባልዲ ያስቀምጣል፤ ከላይ ንቦች ሰፍረዋል። ሲመሻሽ ነጫጭ አበቦቹ ይፈኩና የሌሊት ወፎች ይመጡበታል። «እነሱ ባይመጡ ፍሬ የለም» ይል ነበር አባቴ፤ ስለዚህም ማንም ድንጋይ እንዲወረውርባቸው አይፈቅድም።

ጡረታ ሊወጣ ዓመት ሲቀረው የእናቶች ክፍል ይሠራ ተባለ፤ ቦታው ዛፉ የቆመበት ሆነ። በደንቡ መሠረት ዙሪያው ሃያ ሜትር የሞላ ዛፍ አይቆረጥም። ወጣቱ መሐንዲስ በበጋው ማብቂያ መጥቶ ሲለካው አሥራ ዘጠኝ ሜትር ከዘጠና ሦስት ሆነ፤ ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረገበት።

«አባት፣ ሰባት ሴንቲ ሜትር ጎድሎታል። እኔ ምን ላድርግ?»

«አልጎደለም፤ ጠምቶት ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይሞላል።»

«እንግዲያው ግሉኮስ እንስቀልለታ!» አለ መሐንዲሱ። በተራ የተቀመጡት በሽተኞች እንኳ ሳቁ።

በዚያ ምሽት አባቴ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ፣ «ልጄ፣ አንቺ ከክፍልሽ አንደኛ ነሽ፤ ዝናብ እስኪጥል እንዲጠብቁ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አለኝ። እኔም የቆመ ግንድ እንደማይኮማተር፣ ምናልባት ሽቦውን አጣምሞት እንደሚሆን በረጅሙ አስረዳሁት። አባቴ እግሩን አወጣ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀ። «እሺ፤ ነገ ነይና አንቺው እይው» አለኝ።

በማግስቱ ሽቦውን በሲሚንቶው መንገድ ላይ ዘረጋነው። ሃምሳ አንድ የመዳብ እስሮች ነበሩበት። የዝናቡ እስሮች አንድ ላይ ተጠጋግተዋል፤ የበጋው እስሮች ከእነሱ ጥቂት ጣቶች ገባ ብለው ለብቻቸው ተሰልፈዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንዱም ከወገኑ አልተለየም። ቁጭ ብዬ ማመልከቻውን ጻፍኩ።

የጣቢያው ኃላፊ የሆኑት ዋና ነርስ አነበቡትና አባቴን ቀና ብለው አዩት። «ሁለት ወር እሰጥሃለሁ፤ ከዚያ በላይ እናቶቹ አይጠብቁኝም» አሉ።

ዝናቡ ዘገየ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲያርምና ሲጠርግ ውሎ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከቧንቧው ውኃ በባልዲ እየተሸከመ የዛፉ ሥር ላይ ያፈስ ጀመር። እኔም አንዱን ባልዲ ያዝኩ። ዘበኛው፣ «ዝሆን በማንኪያ!» አለ። አባቴ ባልዲውን ገልብጦ ወደ ቧንቧው ተመለሰ። በሃያኛው ቀን ጉልበቱ አብጦ ግድግዳ ይዞ መሄድ ጀመረ።

«አባዬ፣ ይህ ለዛፉ ጉሮሮ ማርጠቢያ እንኳ አይሆነውም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ቁጭ ብዬ መጠበቁ ስለሚብስብኝ ነው።»

ዝናቡ የመጣው ቀጠሮው ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ያውም ስስታም ዝናብ። በመጨረሻው ቀን መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ መጣ። ለካ። ተመልሶ ለካ። ሜትሩን አስተካክሎ ሦስተኛ ጊዜ ለካ። ሃያ ሜትር ከሁለት ሴንቲ ሜትር።

«ግሉኮሱ ገብቶለታል» አለ ዘበኛው።

መሐንዲሱ አልሳቀም፤ ግን የግቢውን ካርታ ዘርግቶ የእናቶቹን ክፍል ወደ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ አዛወረው። ዋና ነርሷ ፈረሙበት። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። እሱ ግን የዛፉ ሥር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል።

«አባዬ፣ ሃያ ከሁለት!»

«ሰማሁ። የዛሬውን አንቺ እሰሪልኝ፤ እኔ መነሣቱን እንጃ።»

ሽቦውን በግንዱ ዙሪያ አዞርኩ፤ የገጠመበት ቦታ ላይ መዳቡን ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ ሽቦውን አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው።

«ላልቷል» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።