ወንጪ ላይ የተናገርኩት እንግሊዝኛ

ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ ውስጥ የእንግሊዝኛ ንግግር እማራለሁ። መምህራችን «ሰው ካላዋራችሁ አትለምዱም» ስላለን አንድ እሑድ ወንጪ ሐይቅ ወረድኩ። ጀልባ ላይ ከአንዲት ፈረንጅ ሴትዮ አጠገብ ቦታ ደረሰኝ። እድሌን ላበላሽ ነው? ስለ አየሩ፣ ስለ ጉዞዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ያጠናሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጠየቅኳት። እሷ ግን ፈገግ እያለች «የስ፣ የስ» ከማለት በቀር አልመለሰችልኝም። አነጋገሬ አልገባትም ማለት ነው ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ።

ከጀልባው ስንወርድ ሴትዮዋ ከአስጎብኚዋ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር በጣሊያንኛ አወራች። ጠጋ ብዬ «ኦቦ፣ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ይከፋል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «እሷም ገና እየተማረች ነው። እንዳንተ ለመናገር ስንት ዓመት ይፈጅብኛል ብላ ጠየቀችኝ» አሉኝ።